ያቀበለችው የት ትጻፍ?

ካናዳዊቷ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ሄይሊ ዊከንሃይዘር ለብሔራዊ ቡድኗ 276 ጊዜ ተሰልፋለች። በመዝገቡ ላይ ከስሟ ትይዩ 168 ጎል ተጽፎላታል። ከዚያ ቀጥሎ ሌላ ቁጥር አለ፤ 211። ይህኛው እሷ ያላገባችው፣ ጓደኞቿ እንዲያገቡ ያቀበለችው ነው። ሁለቱ ተደምረው 379 ነጥብ ይሆናሉ። የዚያ ስፖርት ሕግ ለአግቢዋ አንድ ነጥብ፣ ለአቀባይዋም አንድ ነጥብ ይሰጣል፤ አያበላልጥም። ከአቀባይዋ በፊት የነካችውንም ሁለተኛ አቀባይ ጨምሮ ይጽፋል። አራት የኦሎምፒክ ወርቅ ያላት፣ ከሴት ተጫዋቾች ሁሉ የላቀች ናት ብለው ብዙዎች የሚመሰክሩላት ይህች ሴት፣ በመዝገቡ ከሄድን ከአግቢነቷ አቀባይነቷ ይበልጣል።

እኔ ይህን የምጽፈው ከኢተያ ነው። እዚህ በረዶ የሚታወቀው የደረሰ ስንዴ ሲደበድብ ነው፤ በላዩ ላይ መንሸራተቻ ጫማ አድርጎ የሚጫወት ሰው አላየንም። ስለ ሆኪ ላስተምር አልተነሣሁም። ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ ያ ሁለተኛው ዓምድ ነው። የአርሲ ልጆች ዓለምን ያስደነቁበት የረጅም ርቀት ሩጫ እንዲህ ያለ ዓምድ የለውም። ስም፣ ሀገር፣ ሰዓት፣ ደረጃ፤ በቃ። ከፊት ሆና ነፋሱን የተሸከመችው፣ ፍጥነቱን ጠብቃ ሌላዋን እስከ መጨረሻው ዙር ያደረሰችው፣ ስምንተኛ ከገባች ስምንተኛ ተብላ ትቀራለች። የአንዲት ሻምፒዮን የሩጫ ዘመን ስንል የምናነበው መዝገብ ግማሹ ያልተጻፈ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። (ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው፤ የውድድሩ መዝገብ የሚናገረው በእሱ ነውና።)

ኢተያ ሰው የሚያልፍባት ከተማ ናት። ከአዳማ ተነሥቶ ዴራን ተሻግሮ ወደ አሰላ የሚወጣ ሁሉ ያልፍባታል። ሯጮች የሚፈልቁበትን ምስጢር ፍለጋ ወደ በቆጂ የሚከንፈው የውጭ ጋዜጠኛ ያልፍባታል፤ ከበቆጂ ክለብ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ የምትወርደውም ልጅ በአውቶቡስ መስኮት አይታት ታልፋለች። የኢተያ ስም ሲጠራ ቀድሞ የሚታወሰው ስንዴ ነው። በአጨዳ ወራት ኮምባይነሩ መንገዱን ሞልቶ የኋላውን መኪና ሁሉ ሲያንቀራፍፍ፣ ሾፌሩ የሚሳደበው ኢተያን ነው። ወርቅ ሲነሣ ግን ሁሉም አፍ የሚከፍተው በቆጂ ብሎ ነው።

ማለዳ ላይ ግን ከአስፋልቱ ጠርዝ የሚሮጡ አሉ፤ ሴቶች ልጆችም አሉባቸው። ኢተያ ያለችበት የሂጦሳ ሜዳ ለነፋስ የተዘረጋ ነው፤ ከጭላሎና ከባዳ ተራሮች በኩል የሚወርደውን ብርድ የሚያግደው ነገር የለም። ሁለት ሆነው ሲመጡ ልብ ብላችሁ እዩአቸው። አንዷ ከፊት ናት፤ ሻርፗን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ጫፉን ቱታዋ ውስጥ ከትታዋለች፤ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው፤ ደረቷን ነፋሱ ይገፋዋል። ሁለተኛዋ ከግራ ትከሻዋ ጀርባ ግማሽ እርምጃ ወረድ ብላ ትሮጣለች፤ ዓይኗ ከፊተኛዋ ተረከዝ አይነሣም። አይሱዙ ሲመጣ ሁለቱም ወደ ጠጠሩ ይወርዳሉ፤ ሲያልፍ ይመለሳሉ። ከጥቂት የመብራት ምሰሶዎች በኋላ የፊተኛዋ ምንም ሳትናገር ወደ ጎን ፈቀቅ ትላለች፤ የኋለኛዋም ምንም ሳትጠየቅ ወደ ፊት ትወጣለች። አሁን ነፋሱ የእሷ ተራ ነው። ማንም በእጁ ሰዓት ይዞ የሚቆጥርላቸው የለም። ነገ አንዷ አሰላ ላይ በሚደረግ ውድድር ብታሸንፍ፣ ያ መፈራረቅ በውጤት ወረቀቱ የትኛው ሣጥን ውስጥ ይገባል?

ባርሴሎናን እናስታውስ። ነሐሴ 1992፣ የሴቶች 10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ። መጀመሪያ ላይ የብሪታንያዋ ሊዝ ማኮልጋን ትመራለች። ከግማሽ በኋላ ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር አፈትልካ ትወጣለች፤ ተከትላ የቀረችው አንዲት የ20 ዓመት ልጅ ብቻ ናት፤ የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ። ከዚያ ወዲያ ዙር ዙርን እየተካ ሜየር ከፊት፣ ደራርቱ ከኋላ። ሜየር ትጎትታለች፤ ደራርቱ መሪነቱን አልወሰደችም። የመጨረሻው ዙር ሲቃረብ ግን ከሜየር ጀርባ ወጥታ ተፈተለከች፤ በ31 ደቂቃ ከ6.02 ሰከንድ ገባች፤ ስድስት ሰከንድ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ልዩነት። ወርቅ በኦሎምፒክ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች።

ጨከን ብለን ካየነው፣ ያን ሁሉ ዙር በሌላ ሴት ጀርባ ተጠልላ ነው የሮጠችው። ሕግ አልጣሰችም፤ እንዲያውም ብልህነት ነው፤ የሩጫ አዋቂ ሁሉ የሚመክረው ይህንኑ ነው። የሩጫ ሕግ ነፋስ የማን ደረት ላይ እንዳረፈ አይጠይቅም። ነገር ግን ዓለም እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ደራርቱ መስመሩን ካለፈች በኋላ ቆመች፤ ጠበቀች። ሜየር ስትደርስ ተቃቀፉ፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው የደስታውን ዙር አብረው ዞሩ።

ይህን ሁሉም ሰው እንደ ፖለቲካ አነበበው፤ ስሕተት አይደለም። ደቡብ አፍሪካ በዘር መድሎዋ ምክንያት ከኦሎምፒክ ከታገደች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መመለሷ ነበር፤ ከዚያ በፊት የታየችው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በሮጠበት በሮም በ1960 ነው። ጥቁርና ነጭ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሮጡ ጋዜጣ ሌላ ምን ይጽፋል? የኔ ንባብ ግን ወደ ሆኪው መዝገብ ያደላል። በዚያ ስታዲየም ከነበረው ሰው ሁሉ መካከል ሜየር ምን እንደ ከፈለች በአካሉ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከጀርባዋ የነበረችው። የጠበቀቻትም ያችው ናት። መዝገቡ ያልሰጣትን ነጥብ አሸናፊዋ ራሷ፣ በአደባባይ፣ ቆማ በመጠበቅ ሰጠቻት።

አንድ ጊዜ ብቻ ሆኖ ቢቀር የወጣትነት ደግነት ነው ብለን እናልፈው ነበር። ሲድኒ ላይ በ2000 ያው ነገር በሌላ መልክ ተደገመ። አብዛኛውን ዙር የመራችው እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ናት። ከኋላዋ ሦስት ሴቶች፤ ደራርቱ፣ ጌጤ ዋሚና ፖርቱጋላዊቷ ፈርናንዳ ሪቤሮ። በመጨረሻው ዙር ሦስቱም አለፏት። ደራርቱ በ30 ደቂቃ ከ17.49 ሰከንድ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብራ ሁለተኛ ወርቋን ወሰደች፤ በሁለቱ የኦሎምፒክ ወርቆች መካከል ስምንት ዓመት፣ ጉዳት፣ አትላንታ ላይ አራተኛነት፣ አንድ ወሊድም አለ። ራድክሊፍ አራተኛ ወጣች፤ ክብረ ወሰኑ ላይ ግን ላብዋ አለበት። እሷ ያን ያህል ባትገፋ ያ ሰዓት አይመዘገብም ነበር፤ ይህን ሩጫ የሚያውቅ የሚክደው አይደለም። በማግስቱ ዓመት በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና ላይ ደራርቱ፣ ብርሃኔ አደሬና ጌጤ ተከታትለው ሲገቡ ራድክሊፍ ዳግመኛ አራተኛ ነበረች።

እንግዲህ ይኸን ይዛችሁ ወደ 2009 ኒውዮርክ ኑ። ደራርቱ 37 ዓመቷ ነው፤ ብዙ ሰው ጫማዋን ሰቅላለች ብሎ ነበር። ማራቶኑን የምታሸንፈው ራድክሊፍ ናት ተብሎ ተጠብቋል። ከመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች በአንዱ ላይ ራድክሊፍ ታመመችና ወደ ኋላ መቅረት ጀመረች፤ ደራርቱ ፍጥነቷን ገታ አድርጋ ዞራ “ነይ” እያለች እንዳበረታታቻት ይተረካል። ራድክሊፍ አልቻለችም፤ አራተኛ ወጣች። ደራርቱ በ2 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ አሸነፈች፤ ያን ውድድር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆና። ባርሴሎና ላይ ከመስመሩ ወዲያ ያደረገችውን ኒውዮርክ ላይ ከመስመሩ ወዲህ፣ ውድድሩ ገና ሳያልቅ አደረገችው። ለእኔ ከሁለቱ ወርቆች ይልቅ የደራርቱን የሩጫ ዘመን የሚያያይዘው ክር ይህ ነው፤ ዕዳዋን የማታውቅ አሸናፊ ሆና አልታየችም።

እዚህ ላይ ተቃራኒው ሐሳብ ይመጣብኛል፤ ቀላልም አይደለም። ድሉን ለአቀባዮች ሁሉ ካከፋፈልነው ለራሷ ለሯጯ ምን ይቀራል? በ1995 የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና እንግሊዝ አገር ደርሃም ላይ ሲደረግ ደራርቱ አቴንስ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ቀን ሙሉ ተጉላልታ፣ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር፣ ውድድሩ ሊጀመር አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ደረሰች። ሮጠች፤ አሸነፈች። ያን ቀን እግሯን ማን አነሣላት? ከኋላ የተጠለለችም ብትሆን በመጨረሻው ዙር ሳንባዋ ሲቃጠል የሚቃጠለው የእሷ ሳንባ ነው። ማንም ያቀብል፣ የሚያገባ ከሌለ ጎል የለም።

ሌላም አደጋ አለ፤ ይህኛው ለእኛ አገር የቀረበ ነው። ሜዳሊያ በመጣ ቁጥር አቀባዩ ይበዛል። ቦሌ ላይ አበባ ይዞ የሚቆመው፣ መድረክ ላይ ወጥቶ “ድሉ የሁላችንም ነው” የሚለው፣ ስሟን በፖስተሩ ላይ ከራሱ አርማ አጠገብ የሚያትመው ሁሉ ድርሻ አለኝ ይላል። ልጅቱ ጫማ ባልነበራት ጊዜ ግን አንዱም አልነበረም። ሁሉም አቀባይ ከሆነ አቀባይነት ዋጋ የለውም።

ሆኪ ለዚህ ያበጀው መልስ የሒሳብ ሠራተኛ መልስ ነው፤ ግን ደስ ይለኛል። ሁለት ብቻ ይላል። ከጎሉ በፊት መጨረሻ የነኩት ሁለቱ። በመካከሉ ተጋጣሚው ቡድን ፓክ የሚሏትን ያችን ጥቁር ጎማ ከተቆጣጠራት ደግሞ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፤ ከዚያ በፊት የነካ ሁሉ ይሰረዛል። ቅርብ መሆን አለብህ፤ መሐል ላይም የተነጠቅህ መሆን የለብህም። ሕጉ ፍትሐዊ ነው አልልም። ከሦስት ንክኪ በፊት የተሠራውን ግሩም ሥራ ይረሳል። ግን ቢያንስ አበባ ይዞ የመጣውን ከገባበት ያስወጣዋል።

አትሌቲክስ ጨርሶ ስለ መጎተት አያውቅም እንዳንል ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ያውቃል፤ ያወቀበት መንገድ ነው የሚያስገርመው። በጎዳና ሩጫ የሴቶች ክብረ ወሰን ሁለት ነው። አንዱ ከወንዶች ጋር ተቀላቅለው የሮጡበት፣ ሌላው ሴቶች ብቻ የሮጡበት። ትዕግስት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ዓለምን ስታስደነግጥ በመጀመሪያው ዓምድ ተጻፈላት፤ በ2025 ለንደን ላይ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ስትገባ በሁለተኛው። ምክንያቱ ወንድ አሯሯጭ ከፊት ሲኖር ሴቷ ትታገዛለች የሚል ነው። ሐሳቡ ገብቶኛል። ግን አስተውሉ፤ እዚህም ለአሯሯጩ የተጻፈለት ነገር የለም። የተጻፈው ከእሷ ላይ የተቀነሰው ነው። ዕርዳታን እንደ ጉድለት የሚመዘግብ፣ እንደ ሥራ የማይመዘግብ መዝገብ። ሴት ሴትን ስትጎትት ደግሞ እንደ ጉድለትም አይቆጠርም፤ እንዳልነበረ ነው።

ሰንሰለቱን ወደ ኋላ እንሂድበት ካልን ከሁለት ንክኪ በላይ እንሄዳለን፤ ሆኪው ይቅር ይበለኝ። ደራርቱ ያሸነፈችበት ውድድር ራሱ ስንት ዓመቱ ነበር? የሴቶች 10 ሺህ ሜትር ወደ ኦሎምፒክ የገባው በ1988 ሴኡል ላይ ነው። ኢትዮጵያ በዚያ አልነበረችም፤ ከ1984ቱም ከ1988ቱም ቀርታለች። የሴቶች ማራቶንም የተጀመረው በ1984 ነው፤ ያኔም የለንም። ስለዚህ ደራርቱ የሮጠችው ያ ርቀት ለሴቶች በተፈቀደ በሁለተኛው ኦሎምፒክ፣ አገሯም ከሁለት መቅረት በኋላ በተመለሰችበት ነው። ፋጡማ ሮባ በ1996 አትላንታ ላይ በማራቶን ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ስትሆን በሩ ከተከፈተ ገና 12 ዓመቱ ነበር። ከእነሱ 15 ዓመት ቀድማ እዚያው አርሲ ተራራ ላይ የተወለደች፣ ምናልባት ከሁለቱም የምትፈጥን ልጅ ብትኖር፣ የምትሮጠው ጥጃ ለመመለስ ብቻ ነው። በወጣትነቷ ለእሷ የተዘጋጀ የረጅም ርቀት መስመር በኦሎምፒክ አልነበረም። የበረዶ ሆኪ ሴቶችም በኦሎምፒክ የተጫወቱት በ1998 ናጋኖ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ዊከንሃይዘር የ19 ዓመት ልጅ ሆና እዚያ ነበረች፤ ብር ይዛ ተመለሰች። ከእሷ በፊት የነበሩት ሴቶች ስንት ጎል አቀበሉ? መዝገብ አዋቂ በሆነው ስፖርት እንኳ የኦሎምፒክ ገጻቸው ባዶ ነው።

እኛም ቤት ሆኪ አለ፤ ያለ በረዶ። የገና ጨዋታ ጠማማ ዱላና የእንጨት ሩር ይዞ ሜዳ ሙሉ የሚናጩበት ነው፤ በዕለቱ ጌታ የማይቆጣበት። የተጫወተው ግን ወንድ ነው። ሴቶቹ ዳር ቆመው አይተዋል፣ ዘፍነዋል፣ ማታ የቆሰለውን ቅልጥም በሙቅ ውኃ አሽተዋል። (ስዊድኖች በ1967 የጭላሎን የእርሻ ልማት ድርጅት አሰላ ላይ ሲከፍቱ የተሻሻለ የስንዴ ዘርና የወተት ላም አመጡልን፤ በአገራቸው የሚወዱትን ሆኪ ይዘው አለመምጣታቸው የአየር ጠባይ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ለሴት ልጅ ዱላ ቢያቀብሉ የዚያን ጊዜው አርሲ ምን ይል ነበር?)

ወደ ሰንሰለቱ ልመለስ። ከሜየርና ከራድክሊፍ በፊት የነኩ አሉ። በቆጂ ላይ የስፖርት መምህር የነበሩት አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ አሉ፤ ከትምህርት ቤት ሜዳ ያነሷቸው ልጆች የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ሲያጠልቁ እሳቸው በዚያው በበቆጂ ጭቃ ሜዳ ላይ ለአዲሶቹ ፊሽካ እየነፉ ቆዩ። የእሳቸው ስም ታውቋል፤ ፊልምም ተሠርቶላቸዋል፤ ተመስገን ነው። ከእሳቸው ወዲያ ያሉት ናቸው የሚከብዱኝ። ሴት ልጅ ማለዳ ሩጫ ስትወጣ ያ ሰዓት ከየት ይመጣል? ወንድ ልጅ ከተኛበት ተነሥቶ ይሮጣል። የሴት ልጅ ማለዳ ግን ባለቤት አለው፤ ውኃው፣ እሳቱ፣ የከብቱ በረት፣ የታናሹ ልጅ ፊት መታጠብ። እሷ ከሮጠች ያን ሥራ ሌላ ሴት ሠርታዋለች። እናት ናት ወይም እኅት ናት። እኅት ስትሆን ብዙ ጊዜ አንደኛዋ ሮጣ ሁለተኛዋ ቤት ትቀራለች፤ ሁለቱም መሮጥ ይችሉ ነበር።

በዚህ በሂጦሳ አንድ ያልተመዘገበ አቀባይ ላሳያችሁ እችላለሁ። በ1990ዎቹ ከባዳ ተራራ ሥር የሚፈልቀው የምንጭ ውኃ በቧንቧ ተጠልፎ ወደ ወረዳው መንደሮችና ወደ ከተሞቹ፣ ወደ ኢተያም ወረደ። ሞተር የለውም፤ በራሱ ክብደት ቁልቁል ይፈስሳል። ቦኖዎቹን የሚያስተዳድረው የተጠቃሚው ኮሚቴ ነው። ጄሪካን ተሸክማ ወንዝ ወርዳ ትመለስ ለነበረች ልጅ ቧንቧው የሰጣት ውኃ ብቻ አይደለም። ሰዓት ሰጣት። ያን ሰዓት ምን አደረገችበት? አብዛኞቹ ትምህርት ቤት ሳይረፍድ ደረሱበት፤ አንዳንዶቹ ሮጡበት። ቦኖው ጋ ተራ የሚጠብቁት እናቶች ከፊታቸው ባለፈች ልጅ ላይ ምን ድርሻ እንዳላቸው አያስቡትም፤ “ይህች ልጅ ደግሞ ሥራ የላትም እንዴ?” የምትልም አትጠፋም። እሷም ብትሆን ቦታ ጠብቃ ለልጅቱ እናት ጄሪካኗን ወደ ፊት ታስጠጋላታለች።

ሮጠው ያልደረሱትንም መርሳት አይቻልም። ለእያንዳንዷ ጥሩነሽ ዲባባ ስንት የልምምድ ጓደኛ ነበረ? ጥሩነሽ ብቻዋን አልመጣችም፤ እኅቷ እጅጋየሁ ከፊቷ ነበረች። በ2005 በሄልሲንኪ የዓለም ሻምፒዮና ላይ ጥሩነሽ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሁለት ወርቅ ስትወስድ እጅጋየሁ በሁለቱም ነሐስ ወስዳለች። እጅጋየሁን እንኳ ዛሬ ብዙ ሰው የሚያስተዋውቃት “የጥሩነሽ እኅት” ብሎ ነው፤ የአቴንስ የኦሎምፒክ ብር ያላትን አትሌት! እሷ እንዲህ ከሆነች፣ በጉልበት ሕመም ከሥልጠና ፕሮጀክት የወጣችው፣ ክለብ አልቀበል ብሏት ተመልሳ ያገባችው፣ ዛሬ ከመናኸሪያው አጠገብ ሻይ የምትሸጠው ልጅ ምን ትሁን? ሁለት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ከአንዲት የወደፊት ሻምፒዮን ጋር ነፋስ ተፈራርቃለች እንበል። የእነዚያ ማለዳዎች ነፋስ ግማሹ በእሷ ደረት ላይ ነው ያረፈው። በሆኪ ሕግ አንድ ነጥብ ትይዛለች። በእኛ ስኳር ስንት ላድርግ ብላ ትጠይቃለች።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልምጣ፤ ሲፋን ሐሰን። አዳማ ተወልዳ ሙኔሳ ወረዳ ቀርሳ ያደገች የአርሲ ልጅ ናት። በ2008 በ15 ዓመቷ ስደተኛ ሆና ኔዘርላንድስ ገባች፤ ሩጫን የጀመረችው እዚያ ነው። ቦዩ ሲረጋ ሕዝቡ ሁሉ በበረዶ ላይ በሚንሸራተትበት አገር ጎለመሰች፤ በ2013 ዜግነታቸውን ሰጧት። ዛሬ በኦሎምፒክ ከ1500 ሜትር እስከ ማራቶን ሜዳሊያ ያላት ሴት ናት። አርሲ ለሲፋን አቀብላለች ወይ? በሆኪው ሕግ መልሱ ግልጽ ነው፤ አላቀበለችም። ፓኩን ሌላ ቡድን ይዞት ነበር፤ ሰንሰለቱ ተበጥሷል። ደጋው፣ ቀርሳ ላይ የተራመደችው የልጅነት መንገድ፣ ሁሉም ከሦስት ንክኪ በፊት ነው። እዚህ ሰፈር “የኛ ልጅ” ሲሏት እሰማለሁ፤ ደስ ይለኛል፤ ነጥብ ግን አልጽፍም። በ15 ዓመቷ ከሄደች በኋላ ያስተማሯት፣ ያሠለጠኗት፣ ጫማ የገዙላት ሌሎች ናቸው።

ፓሪስ ላይ በነሐሴ 2024 ግን ይህ ሁሉ ሒሳብ አንድ ጎዳና ላይ ተገናኘ። ሲፋን በ5 ሺህና በ10 ሺህ ነሐስ ወስዳ ማራቶኑን ጀመረች። አብዛኛውን መንገድ ከመሪዎቹ ቡድን ጭራ ነበረች። ከፊት የሚፈራረቁት ኢትዮጵያውያንና ኬንያውያን ነበሩ፤ ትዕግስትም ነበረችበት። መጨረሻ ላይ ሲፋንና ትዕግስት ብቻ ቀሩ። መታጠፊያው ላይ ክርን ለክርን ተነካኩ፤ ሲፋን አለፈች፤ በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረች፤ ትዕግስት በሦስት ሰከንድ ተከተለቻት። ኢትዮጵያ በመነካካቱ ላይ ቅሬታ አቀረበች፤ ውድቅ ተደረገ።

ክርኑን ለዳኞች እተወዋለሁ። እኔ የሰማሁት የኢተያ ክርክር ግን ስለ ክርን አልነበረም። ሰው ያማረረው “መንገዱን ሙሉ ከጀርባ ተደብቃ መጨረሻ ላይ ብቅ አለች” ብሎ ነው። እውነት ነው፤ ተደብቃለች። ደራርቱም ባርሴሎና ላይ ከሜየር ጀርባ እንዲሁ ነበረች፤ ያኔ ግን ከጠመንጃ ተኩስ ያልተናነሰ እልልታ ነው ያቀለጥነው። ትዕግስት ለሲፋን፣ ሜየርም ለደራርቱ አቀብለዋል ካልን በአንድ ሕግ ነው፤ አንዷን ጽፈን አንዷን የምንሰርዝበት ሕግ አላገኘሁም። ለትዕግስት ይጻፍላት የሚል ሁሉ ለኤላና ሜየር ለመጻፍ እስክሪብቶውን ያንሣ፤ ከ1992 ጀምሮ የተጠራቀመ ነው።